ለሁለት የተከፈለ ኪኒን

የመጀመሪያው ዝናብ የነካው የዋልካ አፈር ሽታ ዛሬም ሲመጣብኝ መንገድ የተዘጋብኝ ይመስለኛል፤ በልጅነቴ ሱዳን ውስጥ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ስንኖር፣ ያ ሽታ ከመጣ የገዳሪፍን መንገድ ጭቃ ውጦት ሎሪው ሁሉ ይቆም ነበርና።

እማዬ ኤች አይ ቪ በደሟ ስለነበረ፣ ዝናቡ ሳይጥል ገዳሪፍ ሄዳ የክረምቱን ኪኒን ይዛ ትመለስ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃንም ያንኑ ትወስድ ነበር፤ ጨውም ስኳርም እየተካፈሉ፣ አንዷ በትግርኛ አንዷ በአማርኛ እየተቀላለዱ የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ።

አንድ ዓመት እትዬ ለተብርሃን ልጇ ታሞባት ስትዘገይ ዝናቡ ቀደማትና ኪኒኗ አለቀ። እማዬም ሽንኩርት በምትከትፍበት ቢላ የራሷን ለሁለት እየከፈለች፣ ግማሹን በጨርቅ ጠቅልላ በእኔ እጅ ትልክላት ነበር። እኔ ሞኟ፣ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ እየሮጥኩ አደርስ ነበር።

ሰሊጥ ሲደርስ ግን እማዬ እንደ ወትሮዋ ማጭድ ይዛ መውጣት አቃታት፤ ሳል ጠናባት፣ ከሳች፣ ልትሞትብኝ መሆኑ ገብቶኝ ከእግሯ ሥር አልነሳ አልኩ። መንገዱ ደረቅ ሲል ሲት ሐዋ የምትባል ነርስ ከከተማ በትራክተር መጣች፤ የቢላውን ነገር የነገርኳት እኔ ነኝ። አልተቆጣችም፤ ሁለቱን ሴቶች አጠገቧ አስቀምጣ፣ አረብኛ ትምህርት ቤት ስለምማር እኔን አስተርጓሚ አድርጋ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ግማሽ ግማሹን ስትውጡ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለሁለታችሁም አይሠራም።»

እማዬ ወደ እትዬ ለተብርሃን እያየች፣ «እሷ ባዶ እጇን ቁጭ ብላ እያየችኝ፣ እኔ እንዴት ብየ ብቻየን ልዋጥ?» አለች። ይህን ስተረጉምላት ሲት ሐዋ ዓይኗን በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ጠረገች።

እማዬም መድኃኒቱ ተለውጦላት፣ በጋውን ሙሉ ቀስ በቀስ እያገገመች መጣች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ገዳሪፍ ይሄዱ፣ ፀሐይ ስትጠልቅም እኛ ቤት ተገናኝተው የየራሳቸውን ሙሉ ኪኒን ይውጡ ነበር።

ዛሬ ገዳሪፍ ከተማ ገብተን እንኖራለን። ጦርነት ያፈናቀለው ሰው ከተማዋን ሞልቷታል፤ መድኃኒቱን ጥሎ የሸሸም ብዙ ነው። እማዬ ያኔም ዛሬም ያላትን ከማካፈል ወደኋላ አትልም፤ ምግቧን፣ ልብሷን፣ አልጋዋን ሳይቀር ትሰጣለች። ኪኒን ለሚለምናት ግን ቢላዋን አታነሳም፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጁን ይዛ ክሊኒክ ድረስ ትወስደዋለች፤ የራሱን ተቀብሎ እስኪወጣም ፀሐይ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።