ሳሩ ሲታጨድ የሚከፈተው ሜዳ

በሱሉልታ በኩል የሚያልፍ ሚኒባስ ስሳፈር ሁልጊዜ መስኮት ጋ ነው የምቀመጠው። ያ የቆርቆሮ አጥር ሲደርስ ሰውነቴ ሳላዘው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ አጠገቤ ያለው ሰው ደግሞ ሸሸት ይላል። ምን ላድርግ? ከአጥሩ ጀርባ፣ አሁን መጋዘን የቆመበት ቦታ ላይ፣ ሁለተኛው ኩርባ ነበር።

የእኛ የሞተር ውድድር ሜዳ እንደ ሰው አገር መቀመጫና መብራት የተሠራለት አይደለም። ክረምቱን ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ጉልበት የሚደርስ ሳር ነው። ኅዳር ላይ ሳሩ ታጭዶ ድርቆሹ ሲታሰር ሜዳው ይከፈታል። ከዚያ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ እሑድ ከሰዓት የእኛ ነው። ከቡራዩም፣ ከሰበታም፣ ከዚያው ከሱሉልታም፣ በየጋራዡ ተጠጋግኖ የተገጣጠመ ሞተር ሁሉ እየተንደቀደቀ ይመጣል። የጭስ ማውጫ ማርሚታው የወለቀ አለ፣ መቀመጫው በገመድ የታሰረ አለ። ሲነሱ መሬቱ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል፤ ያንን ድምፅ አሁንም ሳስበው ልቤ ይዘላል።

የሜዳውን ባለቤት፣ ስማቸውን ብናውቅም፣ ሁላችንም ኦቦ ብቻ ነበር የምንላቸው። ከእኛ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነበር፤ ድርቆሹ አጠገብ ሲጋራ እንዳይለኮስ፣ ኩርባው ላይ ለመከላከያ የደረደርነው የድርቆሽ እስር ደግሞ ሲመሽ ወደ ክምሩ እንዲመለስ። አንድ እሑድ ውድድሩ ሞቅ ብሎ ሳለ የእሳቸው ላሞች መጥተው ሁለተኛውን ኩርባ በሉት። የምሬን ነው። ዙሩን ጨርሰን ስንመለስ ግማሹ መከላከያ የለም፤ ኦቦ ዳር ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

እኔ የቡራዩ ነኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ጎሚስታ ቤት እሠራ ነበር፣ የምወዳደረውም በእሱ ሞተር ነው። መጀመሪያ ላይ ሴት ናት ብለው ከሁሉም ኋላ አስነሱኝ። አንድ በአንድ አለፍኳቸውና አፋቸውን ዘጉ። በመጨረሻ ከፊቴ የቀረው የሰበታው ብቻ ነበር። ሰበታ ላይ ብየዳ ቤት ያለው፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው ነው፤ በዚያ ሜዳ ማንም ቀድሞት አያውቅም። ልቀድመው ስል ድርቆሹ ውስጥ በጭንቅላቴ በገባሁ ቁጥር ተመልሶ ይመጣና ሞተሬን እያነሳልኝ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኛል። ደሜ ይፈላል! ወንድሜ ከአንገትጌዬ ድርቆሽ እየነቀለ ተይው ቢለኝም እንዴት ብዬ ልተወው? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ያንን ሰው ቀድሜ መነሻውን ማቋረጥ ነበር የምፈልገው።

አንድ ዓመት ሜዳው ሲከፈት ኦቦ ሰበሰቡንና መሬቱ ለመጋዘን መሰጠቱን ነገሩን። የዘንድሮው አጨዳ የመጨረሻው ነው፣ በጋው ሳያልቅ ይታጠራል አሉ። ሌላው ሁሉ ሲያዝን እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቴ የሚዞረው። የሰበታውን ሳልቀድመው ሊዘጋ ነው።

በመጨረሻው እሑድ የመጣው ሰው ለጉድ ነበር። ክምሩ ላይ የወጣ፣ ጋሪ ላይ የቆመ፣ ልጁን ትከሻው ላይ የጫነ። ወንድሜ ቀይ ፎጣ ይዞ መነሻው ላይ ቆመ። ፎጣው ሲወርድ ሁላችንም እኩል ተፈተለክን። አቧራው ወዲያው ዋጠን። ከፊቴ የሰበታው የኋላ ጎማ ብቻ ይታየኛል፤ የሚረጨው አፈር ሄልሜቴን እንደ በረዶ ይቀጠቅጠዋል።

ሁሉም ሰው ኩርባውን የሚዞረው በውስጥ በኩል ነበር፣ ያጥራልና። ግን ከኅዳር ጀምሮ ስለተነዳበት ውስጡ ዱቄት ሆኗል፣ ጎማ ይንሸራተታል። ዳሩ፣ ከድርቆሹ ሥር፣ ብዙ ስላልተነዳበት የታጨደው ሳር ሥሩ እንዳለ ነው፤ ጎማ ይይዛል። ችግሩ ትንሽ ከሳቱ በቀጥታ ድርቆሹ ውስጥ ነው። በተደጋጋሚ ድርቆሹ ውስጥ የገባሁትም ያንን መስመር ስሞክር ነው። በመጨረሻው ዙር ወደ ሁለተኛው ኩርባ ስንቃረብ ማርሽ ቀነስኩና ወደ ዳር ወጣሁ። ጉልበቴ ድርቆሹን እየዳሰሰ ያልፋል። «በርቺ! ጀባዱ!» የሚል ጩኸት ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሰማሁ። ጎማው ያዘ! ከኩርባው ስንወጣ ጎን ለጎን ነበርን፤ ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት።

ቀደምኩት። በግማሽ ጎማ ነው፣ ግን ቀደምኩት። የወንድሜ ፎጣ ሲወርድ አየሁ፤ ሄልሜቴ ውስጥ እንደ እብድ ጮህኩ። የቀረኝ ፍሬን መያዝ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ፣ ከቆምኩ ሜዳው አለቀ ማለት ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እጄም ጋዙን አለቅም አለ። መነሻውን አልፌ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ገባሁ። ዞሬ ሳይ የሰበታውም አልቆመም። አጠገቤ ደረሰና የሄልሜቱን መስታወት ገልጦ ሳቀ፤ ከእሱ ኋላ የቀሩትም ተከተሉን። ቀድመው የወደቁት ሳይቀሩ ሞተራቸውን አስነስተው ገቡ። ወንድሜ ፎጣውን ሲያወናጭፍ ቆየና ወርውሮት አንዱ ሞተር ኋላ ላይ ዘሎ ተፈናጠጠ። ስንት ዙር እንደዞርን የቆጠረ የለም። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከመነሻው ማዶ ስደርስ ሞተሬ እንደ ሰው ሳለ፣ ደገመና ጠፋ። ነዳጅ ጨርሷል። ሌሎቹ እየጮሁ አለፉኝ። ሄልሜቴን አውልቄ ስቆም ኦቦ ዱላቸውን ይዘው ሜዳውን አቋርጠው መጡ።

«ቀድመሽዋል፣ አይቻለሁ» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን አልቆምሽም?»

«ከቆምኩ የሚዘጋ መሰለኝ፣ ኦቦ።»

ሜዳቸውን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ የሚዞሩትን ሞተሮች በዓይናቸው ተከተሉ። ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉና ከሞተሬ ኋላ ሄደው በሁለት እጃቸው መግፋት ጀመሩ። ተዉት፣ ይከብድዎታል ብላቸው አልሰሙኝም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነዳጅ ካለው ተበደሪ» አሉኝ እያለከለኩ። «ገና ፀሐይ አለ።»