የምንይችል ጠያቂዎች

ትርፌ የምትንቃቸው ሰዎች ቢሰለፉ ከገዳሪፍ ሾዋክ ይደርሳሉ። ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግራ በፉል ሽያጭ ብቻዋን ቤት ያቆመች ሴት ናት፤ አፏ ለከት የለውም፣ መልስ የሚሰጣትም የለም።

ታናሽ ወንድሟ ምንይችል ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ጓደኞቹ ዓይኑ እያየ ከተገደሉበት ወዲህ አፉ ተለጉሟል። በክረምቱ መግቢያ ራሱን ሊያጠፋ ሲል ደርሳ አተረፈችው። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ፣ «አንተ ወንድ አይደለህም? ስንቱ የባሰ አይቶ ይሠራል!» እያለች ምግቡን ታቀርብለታለች። ማበረታታቷ ነው።

ሉብና የምትባል የጤና ሠራተኛ ስልክ ይዛ ትመጣለች። በስልኩ ከሌላ አገር ሆና በአማርኛ የምታክም ዶክተር ምሥራቅ ትታያለች። ትርፌ እሷንም ናቀቻት። «እጁን ሳትይዝ፣ ዓይኑን ሳትገልጥ! ይኸም ሐኪም ተባለ!» ሐኪሟ ግን ባለፈው፣ «ከራሱ አፍ ካልሰማሁ፣ ያን ነገር ዳግም ያስብ አያስብ እንደሆነ ማወቅ አልችልም» ብላ ነበርና ትርፌ እንቅልፍ አጥታ ሰነበተች።

ዛሬ ስልኩ ሲከፈት ቤቱ ጢም ብሏል። ታማሚ መጠየቅ ወግ ነው፤ ታማሚው በስልክ ሲታከም ደግሞ ወጉ ይብስበታል። እማማ አሰፋች ቀሚሳቸውን ገልጠው ለሐኪሟ የሚቆረጥማቸውን ጉልበት ያሳያሉ። ጋሽ አዳሙ፣ «ልጄ፣ ይኸስ ጠበል ነው የሚፈልገው» እያሉ ያስተምሯታል። ሥራ ፈቱ ባፈና ደግሞ ስልኩ ጥግ ላይ የሚታየውን የራሱን ፊት እያየ ፀጉሩን ያበጥራል። ምንይችል ከመሃላቸው መሬት መሬት ያያል።

«ምንይችል፣ እንዴት ሰነበትህ?» አለች ሐኪሟ።

«ደኅና ነው፣ ተመስገን!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«ብቻውን ላነጋግረው።»

ጠያቂን ማባረር ነውር ነው። ትርፌ ግን ለዚህ ቀን የተፈጠረች ይመስል ብድግ አለች።

«ውጡ! ኸላስ፣ በቃ! እናንተ ልታዩ እንጂ መቼ ልትጠይቁ መጣችሁ? እማማ፣ ጉልበትዎን ይዘው ይውጡ! አንተ ባፈና፣ ማበጠሪያህን አንሣ!»

«ነግ በኔ አትይም?» አሉ ጋሽ አዳሙ።

«ነግ በኔ ቢመጣም እናንተ አትምጡብኝ!»

መጋረጃውን ጋርዳ ወንድሟ አጠገብ ቁጭ አለች። «በይ ጠይቂው። አሁን ሰው የለም።»

«እርስዎም ይውጡልን» አለች ሐኪሟ በቀስታ።

«እኔ? ያሳደግኩት እኔ! የማላውቀው ምን አለው?» እንድትቆይ እንዲናገርላት ወንድሟን አየችው። ቀና አላለም። ሉብና ክንዷን ይዛ፣ «ያላ፣ ያ ኡክቲ፣ እህቴ፣ እንውጣ» አለቻት።

ውጭ ፀሐዩ ይፋጃል። ያባረረቻቸው ሁሉ ከቤቱ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። አንድም የሳቀባት የለም፤ እንዲያውም እማማ አሰፋች ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ይኸ ከስድብ ባሰባት። አልቀመጥም ብላ ሣር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ከቆይታ በኋላ የምንይችል ድምፅ ወጣ። ከሳሳው ሣር ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«አዎ፣ አሁንም አስበዋለሁ።»

«ለእህትህ ነግረሃታል?»

«አልነግራትም።»

«ለምን?»

«ትንቀኛለች።»

ሁሉም ሰሙ። ትርፌ እማማ አሰፋች አጠገብ ተቀመጠች።