ሁለት ጾመኞችና አንድ ፒክአፕ

መካኒኩ ከድሮ በየቀኑ አንድ ቀጭን የጎማ ቱቦ ከሞተር ላይ ይነቅልና ጫፉን በጨርቅ ጠርጎ በአፉ ይስባል። ከሳበ በኋላ ቀዳዳውን በምላሱ ይደፍናል። ቱቦው ምላሱን ይዞ ከቆየ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ዕቃ አየር አያስገባም ማለት ነው። አምቦ መጥቶ ጋራዥ ከከፈተ ጀምሮ መፈተሻው ይኸው ነው። በረመዳን ግን አያደርገውም፤ ባለመኪናውን ያስስባል።

በ1981 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኙ። የሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ የእህል ነጋዴው እንግዳወርቅ አሮጌ ፒክአፑን ጋራዡ በር ላይ አቆመ። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ደህና ነው፤ ዳገት ሲይዝ ጉልበት ያጣል። ከድሮ ደግሞ በዚሁ መኪና ከእሱ ጋር ጊንጪ ሊሄድ ተቀጣጥሯል። ቤተሰቡ እዚያ ነው። የስምንት ዓመት ልጁ ሹኩሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን እየጾመች ነበር፤ እሺ ያለችውም አባቷ አብሯት ሊያፈጥር ቃል ስለ ገባላት ነው። አውቶቡሱ ጠዋት ሄዷል።

ከድሮ ኮፈኑን ከፈተ፤ የዲስትሪቢውተሩን፣ የእሳት ማከፋፈያውን፣ ክዳንም አነሳ። ከዲስትሪቢውተሩ ጎን ካለችው ክብ ቆርቆሮ ላይ ቱቦ ሰክቶ ሌላውን ጫፍ ለእንግዳወርቅ ዘረጋለት።

«ሳብልኝ ጋሼ። ውስጧ ያለው ስስ ላስቲክ ተቀዶ እንደሆነ ልይ።»

«በሕማማት? እኔ እስከ ማታ እህል ውሃ አልቀምስም።»

«ጎማ እህል ሆነ እንዴ?»

«ካልሆነ አንተ ለምን አትስበውም?»

ጋራዡን ተጠግታ ሻይ የምትሸጠው ድንቅቱ ትሰማቸው ነበር። እሷ ጴንጤ ናት፤ የሁለቱም ጾም አይመለከታትም። በዚህ ሰሞን ገበያዋ ቀዝቅዟል።

«ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ጎማ አቃታችሁ? ሜ፣ ወዲህ አምጣው ኦቦ ከድሮ።»

«ይሸታል፣ አዴ ድንቅቱ።»

«ካንተ ካልሲ አይብስም።»

ጫፉን በነጠላዋ ጠርጋ ሳበች። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሳህን ዞር አለች፤ ባለችበትም ቆየች። ድንቅቱ ምላሷ ተይዞ በእጇ «እስከ መቼ?» የሚል ምልክት ሰጠች።

«በቃ፣ ልቀቂው» አለ ከድሮ። «ላስቲኩ ደህና ነው።»

«ታዲያ ሻይ ማን ይገዛኛል?»

«ከመግሪብ በኋላ» አለ ከድሮ።

«ከትንሣኤ በኋላ» አለ እንግዳወርቅ።

ላስቲኩ ካልተቀደደ የቀረው የቱቦዎቹ መንገድ ነው። ከድሮ እያንዳንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ተከተለ። ከካርቡራተሩ ተነስቶ ወደ ዲስትሪቢውተሩ መሄድ የነበረበት ቱቦ የአየር ማጣሪያው ላይ ተሰክቷል፤ የአየር ማጣሪያው ቱቦ ደግሞ ዲስትሪቢውተሩ ላይ። ፍጥነት ሲጨምር እሳቱን የምታስቀድመው ቆርቆሮ የሚስባት አጥታ ነበር።

«ማን ነው የቀየራቸው?»

«ተሰነጣጥቀው ነበር። ሁለቱንም ነቅዬ እኔው በአዲስ ተካሁ። ውፍረታቸው አንድ ነው፣ ምን አውቄ?»

«አንዱን ሳትተክል ሌላውን አትንቀል ጋሼ።»

ቱቦዎቹን በየቦታቸው መልሶ እጁን ታጠበና ገቢና ገባ። ከከተማው መውጫ ያለውን ዳገት መኪናው በሦስተኛ ማርሽ ወጣው። እንግዳወርቅ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

ጊንጪ ሲደርሱ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ሹኩሪያ ከንፈሯ ደርቆ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ከድሮ አጠገቧ ተቀመጠ። አዛን ሲሰማ የመጀመሪያውን ቴምር እሷ አነሳች፤ ሁለተኛውን እሱ። ሾርባዋን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሌሊት ከጾሙ በፊት ለሚበላው ሱሁር አልነቃችም፤ ከድሮም አልቀሰቀሳትም።