ሦስት ቋጠሮ

አምኃ ዘርትሁን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነው። ከጳውሎስ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የምርምር ቤት ሌዘር ሲወለውልና ሲጠግን ዐሥር ዓመት ቆየ። ፊዚክስ ያስተማረው ሰው የለም፤ የተጣሉ መጻሕፍት አንብቦ ነው የገባው። ዓይን የማያየው የሌዘር ብርሃን ደካማ ሲሆን ሲሊከንን ዝም ብሎ ያልፈዋል። በአጭር ምት ሲጨመቅ ግን ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ መንጭቆ ያወጣዋል። ይህ ለአምኃ አልከበደውም። የሸማ ማግም ቢሆን በመምታት እንጂ በመግፋት አይጠብቅም።

ኤሌክትሮኑ ተነሥቶ ሲሊከኑ ግን የማይቆስልበትን ልክ ሁለት ዓመት ፈለገ፤ አገኘውም። የሌዘሩን ጉልበት በደብተር ጻፈ። ከሌዘሩ ፊት የደቀናቸውን፣ እያንዳንዳቸው ብርሃኑን ወደ አንድ ዐሥረኛ የሚያወርዱትን ጥቁር መስታወቶች ግን አባቱ የጥለት መነሻን እንደሚያስታውሱት፣ ከደብተሩ በተንጠለጠለው ክር ላይ ቋጠራቸው። ሦስት መስታወት፣ ሦስት ቋጠሮ።

አለቃው ዶክተር ኢዮሲያስ የደብተሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አነሳና በራሱ ስም የምርምር ፖስተር አሠራ።

«ስሜስ ዶክተር?»

«አንተኮ ቴክኒሻን ነህ። ሽሮ ሜዳ መሰለህ እንዴ፣ ክር የያዘ ሁሉ ባለሙያ የሚባልበት? በቃ፣ ከታች ምስጋና ላይ አስገባሃለሁ።»

እንዲህ ያለ ሌባ አጥር አይዘልም፤ ፈርሞ በበር ነው የሚገባው።

ግኝቱን ሊያዩ እንግዶች በተጠሩበት ቀን ዶክተሩ ራሱ የሌዘሩን ማሽን ያዘ። አምኃ ጥቁሮቹ መስታወቶች ከማኅደራቸው እንዳልወጡ አየ። ጨረሩ በሣጥን ተዘግቷል፤ ሰው አይጎዳም። ሊናገር የከፈተውን አፍ መልሶ ገጠመው። የሚቃጠለው የገዛ ራሱ የሁለት ዓመት ልፋት መሆኑን እያወቀ።

ጧ! ስክሪኑ ላይ የልኬቱ መስመር ወደቀ፤ ሲሊከኑ ተቦደሰ።

«አምኃ! ምን ሆኖ ነው?» አለ ዶክተሩ።

«እኔ ምን አውቄ? ወረቀቱ ላይ የለሁበት።»

የምርምር ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «የለኩት እርስዎ አይደሉ? ስንት መስታወት አድርገው ነበር?»

ዶክተሩ ፖስተሩ ላይ ቁጥሩን ፈልጎ አጣው።

አምኃ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «የክሩን ቋጠሮ ይቁጠሩት እትዬ። እኛ ሰፈር ሕፃንም ይቆጥረዋል።»

ሴትዮዋ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሦስት። ፖስተሩን ከግድግዳ ነቀሉት። «አዲሱን አቶ አምኃ ይጻፉት» አሉ።

ዶክተሩ በረንዳ ላይ ደረሰበት። «አምኃዬ፣ እ... ማለቴ፣ ሁለታችን ብንሆንበትስ?»

አምኃ የተቦደሰችውን ሲሊከን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«አይዞዎት» አለው፣ «ከታች ምስጋና ላይ አስገባዎታለሁ።»