አያቴ ውሃ የፈራበት ክረምት

ከጫጫ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ከቦርሳዋ ትንሽ ሳኒታይዘር አውጥታ እጇን አሸች። መስኮቱ ዝግ ነበር። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ እግሬ መደበቂያ እንደሚፈልግ ሁሉ ወንበሩ ስር ተሰበሰበ። ደብረ ብርሃን እስክንገባ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ያ ሽታ ለእኔ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሲስተር ዘነበች።

እኛ ጎረቤላ ያደግን ልጆች ጅብ እንፈራ ነበር፤ ከጅብ ቀጥሎ የጤና ጣቢያዋን ነርስ። ረጅም ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ። በነጭ ጋውኗ ላይ የወንድ ካፖርት ትደርባለች፤ የላስቲክ ቦቲዋ ጭቃውን ሲረግጥ ከሩቅ ይሰማል። እናቶች የሚያለቅስ ልጅ ሲያስቸግራቸው "ሲስተርን እጠራልሃለሁ" ይላሉ። ትልልቆቹም ቢሆኑ አይወዷትም። ሽማግሌና ባልቴት ያለበት ቤት ታዘወትራለች፤ እሷ የገባችበት ቤት ብዙም ሳይቆይ ድንኳን ይተከልበታል ተብሎ ይወራል። የሚጠሯት ሰው ሊሞት ሲል ብቻ መሆኑን ግን ማንም አያነሳም።

የምንኖረው እኔና አያቴ ብቻ ነበርን። እናቴ አረብ አገር ናት፤ አባቴን አላውቀውም። አያቴ ከፈለኝ በጉልበቱ ዘመን ግንበኛ ነበር፤ የምንኖርባትን የድንጋይ ቤትም የሠራት እሱ ነው። ሽንት ቤቱ ከግቢው በታች ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። መውረጃው ድንጋይ ክረምት ሲገባ አረንጓዴ ነገር ያበቅልና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በሐምሌ አንድ ምሽት አያቴ እዚያ ወደቀ። ጎረቤታችን እትዬ ማሚቴ ሲጮህ ሰምታ ከባሏ ጋር መጣች፤ ሱሪውን ሳይታጠቅ ከጭቃው አነሱት። አጥንቱ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን እትዬ ማሚቴን መንገድ ላይ ሲያያት ፊቱን ያዞራል።

ከቀትር በኋላም ውሃ መጠጣት ተወ። ራት ላይ ሳቀርብለት "ጠጥቻለሁ" ይለኛል፤ ኩባያው እስከ አፉ እንደሞላ ያድራል። እንዲህ እያለ ፍልሰታ ገባ። ጠዋቱን ቅዳሴ እስኪወጣ ይጾማል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቆሎ ቆርጥሞ ጋደም ይላል። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ሲናገር ምላሱ ከላንቃው እየተጣበቀ ሲላቀቅ ድምፁ ይሰማኛል። ውጭ ቀንም ሌሊትም ይዘንባል። ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ቦዩ ይጮኻል፣ ከገደሉ ስር ወንዙ ያጓራል፤ በዚያ ሁሉ ውሃ መሀል ሽማግሌው እየደረቀ ነበር።

መጀመሪያ ስሜን ሳተ። "እቴቴ" አለኝ። እቴቴ በልጅነቷ የሞተች እህቱ ናት። ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ሲመሻሽ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከቤታችን ማዕዘን ላይ ቆሞ ድንጋዩን በጣቱ ሲነቅል አገኘሁት።

"ማዕዘኑ ጠሟል" ይላል። "አፍርሱት ብያለሁ።"

ለማን እንደሚናገር ለማየት ዞር አልኩ። ከጉሙ በቀር ምንም የለም።

"አባባ፣ ማንም የለም እኮ።"

"ዝም በይ። ጭቃ አቀብይ።"

ጥፍሮቹ ደምተዋል። ዓይኑ እኔን አልፎ ከኋላዬ የቆሙ ሰዎችን ያያል። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ጅብ ቢሆን ኖሮ የምሸሸው ወደ እሱ ነበር።

እትዬ ማሚቴ መጥታ አየችውና ከንፈሯን መጠጠች። "ጃጅተዋል" አለች። ቆየት ብላ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ወይም አሮጌ ቤት ሲያፈርሱ ያገኛቸው ነገር ይሆናል" አለች። በማለዳ እሷ ያስጠራችው አጎቴ ሙሉጌታ ከደብረ ብርሃን የሚሠራበትን ሚኒባስ እየነዳ ደረሰ። አባቱ "ድንጋይ ጫን" ሲለው ኮፍያውን አውልቆ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ቆላ ያለ ጠበል ሊወስደው መወሰኑን ነገረን። ስለዚያ ቦታ ሰምቻለሁ። የሚያስቸግሩትን ድነው እስኪመለሱ በሰንሰለት ያስሯቸዋል ይባላል፤ ሳይመለሱ የቀሩም አሉ።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺ እኔ ዘንድ ትሆኛለሽ።"

"እሱስ መቼ ይመለሳል?"

ብርድ ልብስ ማጠፍ ጀመረ።

ያኔ ነው ቦቲው የተሰማው። ማን እንደነገራት አላውቅም። ጎታው ኋላ ሮጬ ተወተፍኩ። ሲስተር ዘነበች ጎንበስ ብላ በሩን አለፈችና እጇን በአልኮል አሸች፤ ሽታው ቤቱን ሞላው።

"ጋሽ ከፈለኝ፣ ምላስዎን ያሳዩኝ።"

"ሲሚንቶው የታለ?" አላት አያቴ።

"በኋላ ይመጣል። ምላስዎን።"

አየችው። ግንባሩን ዳሰሰች፣ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አሸተተች። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞራ፣ "መቼ ነው የሸኑት?" አለች።

እትዬ ማሚቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አጎቴ ቀላ። "ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ሲስተር?"

"መልስ ያለው ጥያቄ ነው። አብሯቸው የሚኖረው ማነው?"

ሁሉም ወደ ጎታው ዞሩ። "ነይ ውጪ" አለችኝ። "አልወጋሽም።" ግድግዳውን ታክኬ ወጣሁና ያየሁትን ነገርኳት፤ ሳይነካ የሚያድረውን ኩባያ፣ ጾሙን፣ በሐምሌ መውደቁን። እትዬ ማሚቴ ስለ ሱሪው ልትጨምር ስትል ሲስተር በዓይኗ አስቆመቻት።

"ጠዋት ለጾም፣ ማታ ለሽንት ቤት" አለች። "ታዲያ እኚህ ሰው መቼ ሊጠጡ ነው?"

"ውሃ አጥቶ ነው ሰው የሚያብደው?" አለ አጎቴ።

"በእሳቸው ዕድሜ ሞክረውና ትነግረኛለህ። ሽንታቸውም ተመርዟል፤ ሽታው ይናገራል።"

ጤና ጣቢያ ወስዳ ግሉኮስ ልትሰጠው ፈልጋ ነበር። ክንዱን ስትይዘው ተራገጠ። ኩባያ ስታስጠጋለት "መርዝ ነው" ብሎ ጥርሱን ነከሰ፤ ውሃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። "በቃ፣ ተይው፤ መኪናው ውጭ ቆሟል" አለ አጎቴ። ሲስተር ባዶውን ኩባያ ይዛ ቆመች። አንዴ በሩን አንዴ አያቴን ስታይ ምን እንደምታደርግ እንደጠፋት ገባኝ። ያ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ፤ እሷ የምትፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

"ጠበል ልትወስዳቸው ነው አይደል?" አለችው ቆይታ።

"አዎ።"

"ደግ። መጀመሪያ ጠበሉ እሳቸው ዘንድ ይምጣ። ጀሪካን ይዘህ ማርያም ውረድና ሞልተህ አምጣ።"

አጎቴ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲመለስ አያቴ ቀና አለ። "የማን ጠበል ነው?" አለ። "የእመቤታችን" አለችው ሲስተር። ቆቡን አወለቀ፣ አማተበ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጨለጠው።

"ጠበል በአንድ ኩባያ አይበቃም ጋሼ፤ ግን በዝግታ።"

"አውቃለሁ" አላት። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት የጤነኛ ቃል ነበር።

"ስኳርና ጨው ጣል ባደርግበት ጥሩ ነበር" አለች ሲስተር።

"በጠበል ላይ?" አለች እትዬ ማሚቴ።

"እሺ፣ አንቺ በአጥሚት አድርጊልኝ።"

ጥቂት ቆይታ ሌላ ኩባያ፣ ጥቂት ቆይታ ሌላ። ለአጎቴ ደጅ ላይ ስትነግረው ሰማኋት፤ "ሳይመሽ ካልሸኑ ጭነናቸው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነው። ያኔ እኔም አልበቃም።" አያቴ አፉን ከፍቶ ተኛ። ጉሙ በሩ ድረስ መጣ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ተመልሶ ላይነሳ ነው እያልኩ ተቀመጥኩ። ሲስተር ሰዓቷን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ደግሞ ሰዓቷን።

ድንገት አያቴ ብድግ አለና ወደ በሩ አመራ። ሲስተር በሩ ላይ ቆመች። አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ አንስታ ፊቱ አስቀመጠች።

"እኔ ሕፃን አይደለሁም።"

"ሕፃን ቢሆኑማ ደግ ነበር፤ አቅፌ እወስድዎ ነበር። ይሄ የግንበኛ ዕቃ ነው፤ ስንት ዘመን ይዘውት የኖሩት።"

ሁላችንንም አስወጣችን። በበሩ ስንጥቅ አየኋት፤ ብርድ ልብሱን እንደ መጋረጃ ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። እኔ፣ አጎቴና እትዬ ማሚቴ ከጣሪያው ጠርዝ ስር ተጠጋግተን አዳመጥን። መጀመሪያ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነበር። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ በቆርቆሮው ላይ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ፣ ቀጥሎ የማይቆራረጥ። አጎቴ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ።

"እትዬ ማሚቴ" አለች ሲስተር ከውስጥ፣ "እልል ማለት ይቻላል።"

እትዬ ማሚቴም ቀስ ብላ፣ መንደሩ እንዳይሰማት አድርጋ እልል አለች።

አያቴ በአንድ ጀምበር አልዳነም። በማግስቱ ሚኒባሱ ጤና ጣቢያ አደረሰውና የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጠው፤ ቆርቆሮውም አልጋው ስር ቀረ። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ማዕዘኑ ጋ ቆሞ አገኘሁት።

"ይሄን ድንጋይ ማነው የነቀለው?" አለኝ፣ በስሜ ጠርቶ።

"አንተ ነህ።"

"እኔ እንዲህ አድርጌ አልነቅልም" አለ ተቀይሞ። አለቀስኩ።

የዚያን ሰሞን ሲስተር ደጃችን ላይ ተቀምጣ ቦቲዋን ስታራግፍ ቀረብኳት። "ፈርተው ነበር?" አልኳት።

"እስካሁን አልለቀቀኝም" አለችኝ። "ሌላ በሽታ ቢሆንስ ኖሮ? አጎትሽን አስቀርቼ ሰውየው እጄ ላይ ቢሞቱስ?" ከዚያ ቦቲዋን አጥልቃ ተነሳች። "ጠዋት ጠዋት ምላሳቸውን እይልኝ።"

ፍልሰታ ሲፈታ ቄሶቹን አነጋግራ ሽማግሌዎቹን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ፀሐይ ላይ መሰብሰብ ጀመረች። ኩባያ ታስይዛቸዋለች፣ ክንዳቸውን ታስወዛውዛቸዋለች፣ ግንቡን ይዘው በእግር ጣታቸው እንዲቆሙ ታደርጋለች። እኛ ልጆቹ አጥር ላይ ሆነን እንስቅባቸው ነበር። አያቴ የሽንት ቤቱን መውረጃ በሻካራ ድንጋይ እንደገና ሠራው። ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ኖረ፤ የሞተውም እኔን እያወቀኝ ነው። ሲስተር ዘነበች ግን ከዚያ ቀደም ብላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ ነበር። ስትሄድ አላየኋትም።

ያን ዕለት ከሚኒባሱ ወርጄ ወደምከራይባት ክፍል አመራሁ። ክፍሌ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ከሰፈሩበት መጠለያ አጠገብ ናት። በሸራው ደጃፍ እማማ የሺ ተቀምጠው ነበር፤ ሁልጊዜ ሰላም የምላቸው እናት ናቸው። እጃቸውን እንደያዝኩ ዓይኔ አፋቸው ላይ ቀረ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

"እማማ፣ ዛሬ ውሃ ጠጡ?"

ሳቁብኝ። "ምነው ልጄ፣ ሌላ ወሬ የለሽም? ሽንት ቤቱ ወዲያ ማዶ ነው። ሲመሽ ያስፈራል።"

ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። ከጎናቸው ድንጋይ ስቤ ተቀመጥኩና የሚያስፈራቸውን ሁሉ እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው፤ ጨለማው ከየት እንደሚጀምር፣ ማን እንደሚቆምበት፣ መሬቱ የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት።