የእጣ መድኃኒት

ስሙን አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል። እህቴን ለኬሞ ጎንደር ሳመላልስ ከጎናችን የሚተኛ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ነበር። የቆሽት ካንሰር ሥጋውን ጨርሶት ጋቢው ብቻ የቀረ ይመስል ነበር።

ያኔ ከኬሞው ጋር አንቲቦዲ የሚሉት አዲስ መድኃኒት ይሞከር ነበር። ግማሹ በሽተኛ ሁለቱንም፣ ግማሹ ኬሞውን ብቻ እንዲወስድ በእጣ ተለየ። አዲሱ ለእሱ ወጣለት። ፊት ለፊቱ ለተኛችው፣ ያው በሽታ ለያዛት የሁለት ሕፃናት እናት፣ ኬሞው ብቻ ደረሳት።

ዶክተሯን "እኔና ያቺ እናት እንለዋወጥ" አላት። "በሰማንያ ዘጠኝ መሬት ሲደለደል እጣችንን ተለዋውጠን የለ? እኔ እንደሁ ልጆቼን ድሬያለሁ።"

"ይኼ አይለወጥም፣ አያ።"

"ምነው? ሁለታችን ከተስማማን?"

"እጣው ከተነካ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ አንችልም።"

አዲሱ መድኃኒት በከረጢት ሆኖ ከአልጋው አጠገብ ባለው ብረት ላይ ሲሰቀልለት ጋቢውን አወለቀና "እታለም፣ እስቲ ይኼን ብረቱ ላይ ጣይልኝ" አለኝ። ከረጢቱ ለዚያች ሴት እንዳይታያት አድርጌ ሸፈንኩለት።

በመጣ ቁጥር፣ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ፣ በሸሚዙ እየተንቀጠቀጠ ይተኛ ነበር።