የአማቴ እጅና የመኪናዬ ቴስታታ

ያን ጊዜ የካ ገና ከከተማ ይልቅ ለገጠር ትቀርብ ነበር። እኔ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እየገዛሁ የምሸጥ ነጋዴ ነበርኩ፤ ሀብቴም ጣልያን ጥሏት የሄደች አንዲት የናፍታ የጭነት መኪና ናት። ሀብት ማለቴም ለወጉ ነው፤ ከምትሄድበት ቀን የምትቆምበት ይበልጥ ነበር።

በዚያ ዓመት በበጋው መጨረሻ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ጋራው ላይ ባሕር ዛፍ ገዛሁ፤ አስቆረጥኩ፤ አስከመርኩ። ክረምት ከገባ የእንጦጦ መውጫ ጭቃ ስለሚሆን እስከ መስከረም መኪና የሚባል አይወጣውም። እንጨቱ እዚያ ከከረመ ደግሞ ግማሹ ይበሰብሳል፣ ግማሹ እግር ያወጣል። ዝናብ ሳይቀድመኝ ማውረድ ነበረብኝ። መኪናዋም ልክ ያን ሰሞን ዳገቱ ላይ ነጭ ጭስ ለቀቀች። ውሃዋ ፈላ፤ ዘይቷን ስናየው ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።

በየሰው ግቢ እየዞረ የሚሠራ አንድ መካኒክ ነበረኝ። ሞተሩን አየና «ጋሼ፣ ጓርኒሲዮኗ ተቃጥላለች» አለኝ። ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን ራስ ነው፤ ከባድ ብረት ነው። ከሥሩ ጓርኒሲዮን የሚሉት ስስ ማሸጊያ ይነጠፍና በብሎን ይታሰራል፤ እሷ ስትቃጠል ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ቴስታታውን አወረደ፣ ፊቱን አስተካከለ፣ ቫልቮቹን አንድ በአንድ እያሸ መለሰ። ከዚያ ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ፣ ትንሽ በትንሽ አጠበቀ። «አንዱ ወገን ብቻ ከጠበቀ ይቃጠላል» ብሎኝ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

አማቴ የመጡት ያኔ ነው። የሚስቴ አባት በጣልያን ጊዜ ሾፌር ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ባይዙም ስለ መኪና የሚያወራ ሰው ሁሉ ተማሪያቸው ነው። ብሎኑን በመፍቻ ሞከሩና፣ «ይኼ ልጅ ቁርስ ሳይበላ ነው እንዴ ያጠበቀው?» አሉ። አጥሩ ሥር የወደቀ የቧንቧ ቁራጭ መፍቻው ላይ ሰክተው ተንጠለጠሉበት። የሚደርሱት ደግሞ በቅርብ ያለውን ወገን ብቻ ነው፤ ማዶውን ለመድረስ ወገባቸው እሺ አይላቸውም።

«አባባ፣ መካኒኩ ጨርሶታል እኮ።»

«እሱ ጨረሰ፤ እኔ ደግሞ አሰርኩልህ።»

አማትን እንዴት አድርገው ይከለክሉታል? በማግስቱ መኪናዋ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ውሃዋን ተፋች። ጭራሮ ተሸክመው ከጋራው የሚወርዱ ሴቶች በአጠገቤ ሲያልፉ አንዷ ከነሸክሟ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ቆመች? እኛ ደርሰን ተመለስን እኮ!» አለችኝ። ጓደኛዋም «እኛ ናፍታ አንጠጣ!» ብላ ጨመረችልኝ።

መካኒኩ እንደገና ፈታው። «ይህን ብሎን የነካ ሰው አለ» አለ።

«ነፋስ ይሆናል» አልኩት።

«ነፋሱ ቧንቧ ይዞ ነው የመጣው?»

ለሚስቴ ነገርኳት። «ታዲያ አባባን ግቢዬ አይግቡ ልትላቸው ነው?» ብላ ዘጋችኝ። እኔም በነጋዴ ዘዴ ሞከርኩ። ቧንቧውን ደበቅሁት፤ አማቴ ከቤታቸው የተሻለ ረጅም ይዘው መጡ። ሌላ ቀን መካኒኩ ሲያጠብቅ ጠጅ ቤት ወስጄ አስቀመጥኳቸው፤ ጠጁ ለወገባቸው መድኃኒት ሆኖ ተመለሱና ከወትሮው የበለጠ ጠመዘዙት። እሷም ጓርኒሲዮን ተቃጠለች። በእንጦጦ ላይ ደመናው በየቀኑ ይወፍራል። መካኒኩ ሌላ ጓርኒሲዮን እያነጠፈ፣ «ጋሼ፣ ወይ እሳቸው ይሥሩት ወይ እኔ» አለኝ።

አማቴ ያን ቀን ቧንቧቸውን ይዘው ሲገቡ በእሳቸውና በመኪናዋ መካከል ቆምኩ። «አባባ፣ እጅዎን ከመኪናዬ ላይ ያንሱልኝ።»

ቧንቧውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ «መኪናህን ያቆይልህ፣ አማቼ» ብለው ወጡ።

መካኒኩ አጠበቀ፤ ሞተሩን እስኪሞቅ አስነስቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ እንደገና አጠበቀ። ከዚያ ስስ የብረት ቅጠል እያስገባ የቫልቮቹን ክፍተት ለካ። ያ እንደ ባዶ ጣሳ ይንኳኳ የነበረ ሞተር ድምፁ ገጠመ። እንጨቱን ማውረድ ጀመርን። ቤቴ ውስጥ ግን ሰላም የለም፤ ሚስቴ እራቴን ከነኩርፊያዋ ታቀርባለች።

የመጨረሻው ክምር ጋራው ላይ እንዳለ ሽማግሌዎች መጡብኝ። አማቴ ለይቅርታ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ካባረርኳቸው መኪና ላይ ፊት ለፊት በክብር ተቀምጠው እንጦጦ መውጣት። እሺ አልኩ።

እኔ እየነዳሁ፣ እሳቸው ከጎኔ፣ መካኒኩና ጫኞቹ ከኋላ ሆነን ወጣን። መኪናዋ እንደ በቅሎ ወጣችው፤ እንፋሎት የለ፣ ጭስ የለ። ከክምሩ አጠገብ ስንቆም ወረዱና ሞተሩን አስከፈቱኝ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አየህ?» አሉኝ።

«ምኑን አባባ?»

«እስካሁን የያዘው እኔ ያሰርኩት ነው።»

ሰማዩ አጉረመረመ። ጫኞቹ እጃቸውን አጣምረው አፍ አፌን ያያሉ፤ መካኒኩም ያያል። አይደለም ብል እርቁ እዚያው ይፈርሳል፤ ከአማት ጋር ስከራከርም ዝናቡ ይቀድመኛል።

«እውነትዎን ነው፣ አባባ» አልኩ። «በሉ ጫኑ!»

ተጭኖ ሲያልቅ ትልልቅ ጠብታዎች መውደቅ ጀመሩ። የቀረው እንጨቴም በዚያው ቀን አንድም ሳይቀር ወረደ። ልንነሳ ስንል ግን መካኒኩን «ና ውጣ፣ እንሂድ» ስለው የመሣሪያ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «ያሰሩት ያውርዷችሁ» አለኝና በእግሩ ቁልቁል ሄደ።